ደቻቱን ውሃ የሞላሁ ዕለት

የድሬዳዋ ሙቀት ሰው ያናድዳል ይላሉ። ሐሰት ነው። እዚሁ ተወልጄ ሠላሳውን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሙቀቱ አንድም ቀን አናዶኝ አያውቅም። እኔን የሚያናድደኝ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ የሚቆም ዳውንሎድ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጎተት ውሎ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ኮምፒውተር ነው። እንደገና ይሞክሩ! በማን መብራት? በማን ኔትወርክ? የማጫውታችሁ ነገር የደረሰብኝ እንዲህ ባለ ንዴት ላይ እያለሁ ነውና በመሃል ድምፄ ከፍ ካለባችሁ ታገሱኝ፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም።

ከዚራ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ከኋላዋ አልጋ ያለባት፣ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል አለች። ላጤ ብሆንም የምኖረው ግን እዚያ አልነበረም፤ ደቻቱ ዳር ባለው፣ በተወለድኩበት ቤት ከእናቴ ጋር ነበር። ደቻቱን ለማያውቅ፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ስላልኳችሁ ውሃ እንዳታስቡ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ውሃ የሚመጣው ወደ ደንገጎ፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ነው። ከተማዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣም አንኳኩቶ አይገባም። ለዚህ ነው የድሬ ሰው በክረምት ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ትቶ ተራራውን የሚያየው።

ሱሴንም ልንገራችሁ። ከቀትር በኋላ ወንዱ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል እኔ አውሮፕላን አበራለሁ። ሲሙሌተር ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠህ እንደ እውነተኛው ሞተር ታስነሳለህ፣ ትነሳለህ፣ ታርፋለህ። ጓደኞቼ «ካፒቴን» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ። ለማንም የማይጠቅም ሱስ ነው ብዬ ራሴም አምኜ ነበር፣ እናቴ እስክትታመም ድረስ።

እናቴ ብርቄ ትባላለች። ሕመሟ ከወገቧ ጀመረ። «ብርድ ነው» አለች፤ ድሬዳዋ ውስጥ ብርድ! ቆይቶ ግራ እግሯ ይደነዝዛት ጀመር። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ስትሄድ የግራ እግሯ ነጠላ ጫማ ወልቆ ቀረ። እሷ ግን ባዶ እግሯን ቀጠለች፤ መውለቁን አላወቀችም። ያን ዕለት ደነገጥኩ። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ የተነሳችውን የወገብ ፎቶ አይቶ የጀርባዋ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑን ነገረን። አዲስ አበባ ሄዳ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካላደረገች እግሯ ላይመለስ ይችላል። በመኪና ደግሞ እንዳትሞክሩት፣ ያን ሁሉ መንገድ እየተንገጫገጨች መሄድ የለባትም፣ በአውሮፕላን ውሰዷት አለን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሰብለ ሆስፒታሉን ጨረሰች፣ ቀጠሮ አስያዘች፣ ትኬት ቆረጠች። ሁሉም ነገር አለቀ።

እናቴ «አልሄድም» አለች።

«ለምን እማዬ?»

«ደመና ውስጥ ሲገባ ሰውዬው ምን አይቶ ነው የሚነዳው?»

«መሣሪያ አለው።»

«መሣሪያው ቢበላሽስ? ያንተ ኮምፒውተር ስንቴ ነው የሚበላሸው? ደግሞስ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

እንዲህ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሁሌም እዚህ ላይ ነበር የሚቆመው። እኔና ሰብለ በስልክ እናማርራለን፤ «ለዚህ ለፈራረሰ ቤት ብላ እግሯን ልታጣ ነው?» እንባባላለን። ዋናው ነገር ግን የደመናው ፍርሃት ነው ብለን ደመደምን። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። አውሮፕላኑን ካላየች አታምንም፤ ስለዚህ አሳያታለሁ። ከድሬ አስነስቼ በደመና ውስጥ አሳልፌ አዲስ አበባ አሳርፋታለሁ፣ ከሶፋዋ ሳትነሳ።

መጀመሪያ በላፕቶፕ ሞከርኩ። ኤርፖርቱ ቦታው ላይ ነው። ተነስቼ ወደ ከተማዋ ዞርኩ። እናቴ መነጽሯን አጥልቃ ቀረብ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድሬዳዋ።»

«ወዲያ! የማን ድሬዳዋ?»

እውነቷን ነው። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ የእኛን ከተማ መቼ አይተውት። ቡናማ ሜዳ ላይ ቀይ ጣሪያ ያላቸው የፈረንጅ ቤቶች በትነው ጽድ ተክለውባቸዋል። ጽድ! ሰማዩ ላይ ደግሞ ፍራሽ አዳሽ የዘነጋው የጥጥ ቁራጭ የመሰለ ደመና ተሰቅሏል።

«ባቡር ጣቢያው የታለ? ቀፊራ ገበያውስ? ደቻቱ የለበትም እንዴ?» አለች። «ድሬን የማያውቅ አውሮፕላን ነው እኔን የሚወስደኝ? ተወኝ አቦ!»

እንግዲህ ትግሉ እዚህ ላይ ጀመረ፤ ሱቅ ወዳለው ትልቁ ኮምፒውተር ዞርኩ። ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ አውርደህ የውሸቱ መሬት ላይ ታነጥፋለህ፤ ያኔ እውነተኛው ከተማ ይወጣል። ሲነገር ቀላል ነው። ፎቶው የሚመጣው ቁርጥራጭ ሆኖ ነው። ኔትወርኩ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። ስንት ቁራጭ አውርጄ መብራት ሄደና ፋይሉ ተበላሸ። እንደገና። በሁለተኛው አንዱ ቁራጭ በበጋ፣ ሌላው በክረምት የተነሳ ሆኖ ባቡር ጣቢያው ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ወጣ፤ መሃሉ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የመሰለ መስመር ተጋድሟል። በሦስተኛው ኤርፖርቱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ አውሮፕላኔ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ክንፉ ብቻ ይታያል። ጥርሴን እያፋጨሁ መንጋጋዬ አበጠ። ሱቅ የመጣ ደንበኛ «ላፕቶፔ ደረሰ ወይ?» ሲለኝ ልበላው ደረስኩ።

ቀጠሮዋ እየቀረበ ነው። ሰብለ ትደውላለች፤ «አሳመንካት?»

«እየሠራሁ ነው።»

«ምን እየሠራህ?»

«ድሬዳዋን!»

«አንተ ልጅ ጤነኛ ነህ?» ብላ ዘጋችብኝ።

ከተማው ሲስተካከል ወደ ደመናው ዞርኩ። ዋናው እሱ ነው፤ እናቴ የምትፈራው ደመናውን ነውና የውሸት ደመና ካሳየኋት ትስቅብኛለች። ከሥር የጠቆረ፣ ከላይ የሚንቀለቀል፣ ስትገባበት መስኮቱን ጭጋግ የሚያለብስ እውነተኛ የሚመስል ደመና አገኘሁ። ጫንኩት። ኮምፒውተሩ እንደ ጀነሬተር ጮኸና አውሮፕላኑ አየር ላይ ቀጥ አለ፤ ምስሉ መንቀሳቀስ አቃተው። ማራገቢያ አምጥቼ ሽፋኑን ከፈት አድርጌ ነፋሁለት፣ ዛፎቹን ቀነስኩ፣ ጥላውን አጠፋሁ። በመጨረሻ ሄደ። ደመናውን የት ልደርድረው? ወደ አዲስ አበባ ስትነሳ መንገድ ላይ ያለው ተራራው ነው፤ ደንገጎ ላይ ከመርኩት። አምሮብኝ ለብቻዬ አጨበጨብኩ። ማንም የድሬ ሰው ክረምት ላይ ያንን ሰማይ ካየ እውነት ነው ይላል።

በነጋታው እሁድ ነበር። ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ወደ ቤት ልወስድ ስል ትዝ አለኝ፤ «ደቻቱ የለበትም እንዴ?» ብላኝ ነበር። ፎቶው ላይ አለ፤ ነገር ግን ሩቅ ሲሆን ከመንገዱ አይለይም፣ አመድ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ፕሮግራሙ ውስጥ «ወንዞች» የምትል ሳጥን አለች። ጠቅ አደረግኳት። መብራት ሳይሄድብኝ ብዬ እየተጣደፍኩ ስለነበር ከተማው ላይ ዞሬ አላየሁም፤ ደመናውን ብቻ ፈትሼ አጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። አዮ ፋጡማም መጣች። ጎረቤታችን ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ ግንብ ነው። እኛ ሰፈር እናትህን የምታህል ሴት አዮ ትባላለች፤ ይቺ ደግሞ ከእናቴ ጋር አብራ ስታሳድገኝ የኖረች ናት። ጫቷን በፌስታል ይዛ ከእናቴ አጠገብ ተደላደለች።

«ዋሪያ ካፒቴን፣ ቀበቶ የለውም እንዴ ይሄ ሶፋ?»

«አዮ ፋጡማ፣ ዝም ብለሽ እይ።»

«ሃዬ፣ እያየሁ ነው። ወላሂ ካስታወከኝ ምንጣፋችሁ ላይ ነው!»

እናቴ ሳቀች። እሷን ስቃ ካየኋት ቆይቼ ነበርና ልቤ ሞቀ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ተንደረደርኩ፣ ተነሳን። ወደ ከተማው ክንፌን ሳዘነብል ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ።

«ያውልሽ ባቡር ጣቢያው!»

«ግማሹን ማን ቀለም ቀባው?»

«እሱን ተዉት» አልኩ።

«ያ ቀፊራ ነው! ያ ደግሞ መስጊዱ! ብርቄ፣ ከዚያ ወዲህ ስትመጪ የእኛ ቤት ነው ማለት ነው፤ ናቲ፣ ዝቅ በል አቦ፣ ልብሴን አስጥቼ እንደሆነ ልየው!»

ዝቅ አልኩ። እናቴ ወደፊት ተስባ ትፈልጋለች። ሰፈራችን ሲቀርብ እኔም ራሴ አየሁት። ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሞልቷል። ድፍርስ እንኳ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው፤ ማዕበል ሁሉ አለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ለካ ያቺን ሳጥን የሠራት ፈረንጅ ወንዝ ማለት ውሃ ነው ብሎ ያምናል። ውሃው የቤታችንን አጥር አልፎ ግቢያችን ገብቷል። ከበስተጀርባው ደንገጎ፣ በላዩ ላይ እኔ በገዛ እጄ የከመርኩት ጥቁር ደመና።

 እናቴ ልትነሳ ሞከረች። ግራ እግሯ ከዳትና ወደ ጎን ስትወድቅ አዮ ፋጡማ አቅፋ ያዘቻት። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው።

«ውጣ!» አለችኝ። «ከዚህ ቤት ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!»

ንዴቴ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ያን ሁሉ ደክሜ፣ ደንበኞቼን አባርሬ፣ ከመብራት ጋር ስጣላ ከርሜ ከቤት ልባረር?

«አቦ! ጌም እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። «ውሸት ነው! ሥዕል ነው! በቃ አትሂጂ! እግርሽም ይቅር! እኔ ምን ቸገረኝ!»

ልክ እንዲህ ስል መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ቆመ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«ናቲ፣ ተቀመጥ» አለች አዮ ፋጡማ። ቀልዷ ጠፍቷል። «ብርቄ፣ ንገሪው።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ። ስለ ጽጌ ምን ታውቃለህ አንተ?»

ጽጌ የእናቴ ታናሽ ናት፤ አክስቴ። ያን ጊዜ፣ ደቻቱ ከተማውን በሌሊት ባጥለቀለቀው ጎርፍ ነው የሞተችው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር ለለቅሶ ሐረር ሄደን ነበር። ስንመለስ ጽጌ የለችም። የማውቀው ይህንን ነው፤ እሱኑ ተናገርኩ።

«ቤቷ የት ነበር?» አለችኝ አዮ ፋጡማ።

«ሳቢያን።»

«ሳቢያን ጎርፍ ገባ?»

 ዕድሜ ልኬን አስቤው አላውቅም ነበር። ሳቢያን የምትኖር ሴት ደቻቱ ዳር ምን ትሠራለች?

«እዚህ ነበር ያደረችው» አለች አዮ ፋጡማ፤ የተቀመጥኩበትን ቦታ በዓይኗ እያሳየችኝ። «ቤት ባዶ አያድርም አይደል የምትሉት? እናትህ ወደ ሐረር ስትወጣ እዚህ እደሪ፣ ቤቱን አደራ አለቻት። እኔ የጎርፉን ድምፅ ስሰማ ልጆቼን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በግንቡ በኩል ጠራኋት። ጽጌ ነዪ! ጽጌ ውጪ! አልኳት። መስኮቱ ላይ ቆማ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? እህቴ አደራ ብላኛለች፣ ዕቃውን ከፍ ከፍ ላድርግላትና እመጣለሁ አለች።»

«ልብሴን» አለች እናቴ ከነጠላዋ ሥር። «ቁምሳጥኑ ላይ ልብሴን ስትደረድር ነው ውሃው የደረሰባት። ልብሱን ደረቁን ነው ያገኘሁት። አንዱም አልራሰም።»

ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። የሚቀጥለውን ነገር ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ተቆጥታ ነው የነገረችኝ።

«እኔ አውሮፕላን የምፈራ መስሎህ ነው? ቢፈልግ እንደ ድንጋይ ይውረድ! ነሐሴ ነው። ደመናው ደንገጎ ላይ ነው። እኔ ስሄድ እዚህ ቤት ማን ነው የሚያድረው? ‹እኔ አለሁ አይደል› ትለኛለህ ቀን በቀን! አንተ ደግሞ አደራ ካሉህ የማትንቀሳቀስ ልጅ ነህ። እሷን ነው የምትመስለው፤ ቁርጥ እሷን!»

ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስሠራ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ላጽናናት ብዬ በተናገርኩ ቁጥር አንገቷ ላይ ገመድ ሳጠብቅ ነበር። ደመናውን ሳሳምር ከርሜ ያን ሌሊት በገዛ ቴሌቪዥኗ መልሼ አሳየኋት። ንዴቴ እንደ ጎማ ተነፈሰ፤ የሚናደዱበት ሰው ጠፋ። ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ፣ የደነዘዘውን እግሯን ያዝኩት። መያዜን እንኳ አላወቀችም።

«እማዬ፣ እዚህ ቤት አላድርም።»

«ታዲያ ማን ሊያድር?»

«ማንም። ተቆልፎ ይቀመጣል። እኔ ከዚራ ሱቄ ነው የማድረው።»

«ባዶ ቤት?»

«ባዶ ቤት ጎርፍ ቢወስደው ምን ያገኛል?» አለች አዮ ፋጡማ። «ያንን የማያምር ቁምሳጥንሽን? ይውሰድልን!»

እናቴ ግን ልጇን ታውቀዋለች። «አሁን እንዲህ ትላለህ» አለችኝ፤ «ሰማዩ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑን ላውጣላት ብለህ ሮጠህ ትገባለህ።»

ልምልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እውነቷን ነበር፤ እገባ ነበር። ከኪሴ ቁልፌን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። «ያንቺንም የእኔንም ይዘሽው ሂጂ።»

ቁልፉን አገላብጣ አየችው። «ሱቅህ መሳቢያ ውስጥ ያለውስ?»

አዮ ፋጡማ በሳቅ ፈነዳች። «ያ ረቢ! ይቺ ሴት ፖሊስ መሆን ነበረባት!»

«እሱንም አመጣለሁ» አልኩ።

 እናቴ ግራ እግሯን በእጇ አንስታ ጨርቅ እንደሚያነሱ ቦታ ለወጠችው። «ይሄ ከቀረ» አለች ለራሷ፣ «ውሃው የመጣ ቀን በምኔ ልሮጥ ነው?» ከዚያ ቴሌቪዥኑን በአገጯ አመለከተችኝ። «መጀመሪያ ያንን ውሃ አድርቅልኝ።»

«ደመናውንም አነሳዋለሁ።»

«ደመናውን ተወው፤ ደመናው እውነት ነው። ውሃውን አድርቅ።»

መብራት ሲመጣ ሳጥኗን መልሼ ነካኋት። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ሁሉ ፍዳ ካሳየኝ ሥራ ውስጥ በአንድ ጣት ያለቀው ይሄ ብቻ ነበር። ደቻቱ አሸዋ ሆነ። እናቴ ተጠግታ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ግቢያችንን አየች፣ «እሺ ንዳው» አለች። ተነሳን። ወደ ደንገጎ አፍንጫዬን አቀናሁ። ጥቁሩ ደመና ሲቀርብ የአዮ ፋጡማን እጅ ጨብጣ ያዘች። መስኮቱ ጭጋግ ለበሰ፣ ሳሎኑ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ከላይ ወጣን።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አጠለቀች።

«ከላይ ሲታይ ነጭ ነው እንዴ?»

«ነጭ ነው።»

«ይሄው ራሱ ነው? ከሥሩ የጠቆረው?»

«እሱው ነው እማዬ።»

«ጉድ ነው» አለች። አዲስ አበባ እስክናርፍ ዓይኗን አልነቀለችም። ሳርፍ ሚዛኔን ስቼ አንዴ አነጠርኩትና አዮ ፋጡማ ጫቷን ደፋች።

በቀጠሮዋ ሄደች። ኤርፖርት በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ቁልፎቹ በሙሉ ውስጡ ናቸው። ሰው ሲሄድ የሚለው ነገር አለ፤ እሷም ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ከንፈሯ «ቤቱን» ሲል አየሁት። ዋጠችው። «ራስህን» አለችኝ። «ራስህን አደራ።»

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። እሷ አሁንም እዚያ እያለች አንድ ከሰዓት በኋላ ደንገጎ ጠቆረ። አመሻሹ ላይ ሰው ወደ ደቻቱ ዳር ሲሮጥ ሱቄን ዘግቼ እኔም ሮጥኩ። ውሃው ደርሷል፤ እንደዚያኛው ዘመን አይደለም፣ ግን ግንድ ይዞ እያጓራ ነው። በከዚራ በኩል ቆሜ ከማዶ የቤታችንን ጣሪያ አየዋለሁ። ድልድዩ ሩቅ አይደለም፤ ቶሎ ካልኩ እደርሳለሁ። ቴሌቪዥኑ መሬት ላይ ነው፤ የአባቴ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው። እግሬ ተነሳ፣ እውነቴን ነው፣ ተነሳ። እጄ ኪሴ ገባ። ባዶ። ቁልፍ የለም።

እዚያው እያለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ሰው ነግሯት ነው።

«የት ነህ?»

«ከዚራ።»

«ማዶ አልተሻገርክም?»

«በምን ልግባ? ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል!»

ከዚያ ወዲያ ያለውን መስማት አልቻልኩም፤ ውሃው ይጮሃል፣ እሷ ደግሞ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለይ አለኝ። ደቻቱ ያን ምሽት ግቢያችን ገብቶ የውጪውን ወንበሮችና የበሩን ምንጣፍ ወሰደ፣ ቴሌቪዥኑን አርሶ ወጣ። አዮ ፋጡማና ልጆቿ ገና ደመናውን እንዳዩ ሳቢያን ዘመድ ጋ ሄደው ነበር። ሰው አልተነካም።

ይህን ያነበባችሁ፣ እናንተም ቤት አልንቀሳቀስም የሚል ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንደ እኔ ለራሳችሁ መልስ ሰጥታችሁ ሥራ አትጀምሩ። ስትሄድ ምን ጥለህ ነው የምትሄደው ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። እኔ ድሬዳዋን ከሳተላይት አውርጄ በቁራጭ በቁራጭ ስገጣጥም ይቺን አንዲት ጥያቄ ሶፋው ላይ ለተቀመጠች እናቴ አላቀረብኩም ነበር። አሁን ስናገረው ራሱ ያናድደኛል። ከሁሉ ደግሞ የባቡር ጣቢያው መስመር እስካሁን አልጠፋልኝም።

እናቴ በምርኩዝ ትሄዳለች። ጫማዋ አይወልቅም። በክረምት ደንገጎ ሲጠቁር እኔ ከሱቅ ከመደወሌ በፊት እሷ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች፤ አዮ ፋጡማን ትጠራለች፣ በሩን ትቆልፋለች፣ ባጃጅ ይዛ ከዚራ ትመጣለች። መስኮት በሌላት ክፍሌ አልጋዬን እለቅላትና እኔ ወንበር ላይ አድራለሁ። ባለፈው እንዲሁ መጥታ ስትቀመጥ ልፈታተናት ፈለግኩ።

«እማዬ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

ቁልፎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ትራሷ ሥር አስገባቻቸው።

«ቤቱ ራሱን ይጠብቅ» አለችና ተኛች።